«አቦ አልወደቀም አልኩሽ!» የስልክ ጀርባ መስታወት ሳይወድቅ ሲነቃ ምክንያቱን እንዴት እናገኛለን?

ድሬዳዋ ከዚራ ሞባይል መጠገን ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ «አቦ አልወደቀም አልኩሽ!» የሚለውን ያህል የሰማሁት ነገር የለም። ሰውየው ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጠዋል። የጀርባው መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ነቅቷል። ቀና ብዬ አየዋለሁ። «ወላሂ፣ እንደተቀመጠ ነው» ይለኛል።

ለብዙ ዓመት አላመንኩም። በአፌ ባልናገረውም በልቤ «ወድቆብህ ነው» እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በገዛ ሱቄ የደረሰ ነገር ነው።

አንድ ሳምሰንግ «ቻርጅ አልገባ አለ» ተብሎ መጣ። የዚህ ዓይነቱ ስልክ የሚከፈተው ከጀርባው ነው። መስታወቱን በሙቀት አላቀቅኩ፣ የቻርጅ ማድረጊያውን ቦርድ ቀየርኩ፣ አዲስ ሙጫ ቀብቼ ገጠምኩት። ሙጫው እስኪይዝ በአራት መቆንጠጫ ጠበቅ አድርጌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማታ ደህና ነበር። ጠዋት ስከፍተው ከታች ከቀኝ ጥግ ተነስቶ እስከ ካሜራው የሚደርስ ስንጥቅ አለበት። ማንም አልነካውም። የመሳቢያው ቁልፍ እኔ ጋር ነው ያደረው።

የስልኩ ባለቤት በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። «ልጄ፣ ስሰጥሽ እኮ ደህና ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መስታወቱን በራሴ ገንዘብ ቀየርኩላቸው። የተሰበረውን ግን አልጣልኩትም። በማጉያ መነጽር ጠርዙን ስመረምር ስንጥቁ የተነሳበት ቦታ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል ሽርፍ አገኘሁ። ውስጧ ጥቁር እድፍ ገብቶባታል። ትኩስ ስብራት ንጹሕና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ይህቺ ግን የቆየች ናት። ሽርፏ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ነበረች። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቃት ግን የእኔ መቆንጠጫ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንበኛን «ወድቋል ወይ?» ብዬ መጠየቅ ተውኩ። አሁን የምጠይቀው መስታወቱን ነው። ከየት ተነሳህ? ማን ገፋህ? እናንተም ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ይህን ማወቅ ትችላላችሁ።

መጀመሪያ፣ የእናንተ ስልክ ጀርባ በእርግጥ መስታወት ነው?

የሚያብለጨልጭ ሁሉ መስታወት አይደለም። እጃችን ላይ ያሉ ብዙ ስልኮች ጀርባቸው ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጋላክሲ ኤስ21 እንኳ ውድ ሆኖ ጀርባው ፕላስቲክ ነው፤ ታላቁ ኤስ21 አልትራ ደግሞ መስታወት። ለመለየት ከቨሩን አውጡና ስልኩን ጥላ ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ከዚያ ጉንጫችሁን አስነኩት። መስታወት ቀዝቀዝ ይላል፣ ፕላስቲክ ለብ ይላል። በጥፍር መታ መታ ስታደርጉትም የመስታወት ድምፅ ጠጠር ያለ ነው።

«ለምን ታዲያ በመስታወት ይሠሩታል?» ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ደንበኞቼም ይህን ሲጠይቁኝ ይናደዳሉ፣ አልፈርድባቸውም። አይፎን 4 እ.ኤ.አ. በ2010 ፊትም ጀርባም መስታወት ሆኖ ወጣ። ከአይፎን 5 ጀምሮ አፕል ወደ አሉሚኒየም ጀርባ ሄደ፤ በ2017 በአይፎን 8 እንደገና ወደ መስታወት ተመለሰ። ምክንያቱ ያለ ገመድ ቻርጅ ማድረግ ነው። የብረት ጀርባ ከቻርጀሩ የሚመጣውን መግነጢሳዊ ኃይል ያግደዋል፣ መስታወት ግን ያሳልፈዋል። ለአንቴናም ይመቻል። ስለዚህ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርግ ስልክ ከያዛችሁ ጀርባው ሙሉ በሙሉ ብረት አይደለም።

መስታወት እንዴት ነው የሚሰበረው?

መጋላ ገበያ ሄዳችሁ አቡጀዲ ግዙ። ሻጩ ለክቶ ሲያበቃ ጫፉን በመቀስ ቁርጥ ያደርጋል። ከዚያ በሁለት እጁ ይይዝና ጭርርር አድርጎ ይተረትረዋል። ያቺ ቁርጥ ባትኖር ጎትቶ ጎትቶ ይደክመው ነበር። ጉልበቱ በጨርቁ ሙሉ ተበትኖ ይቀራል። ቁርጧ ስትኖር ግን ያ ሁሉ ጉልበት በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል።

መስታወት ቆራጭም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በመቁረጫው አንዴ ይጭራል፣ ከዚያ ቀጭ። መስታወቱ በጭረቱ ልክ ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1921 አላን ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ይህን በስሌት አሳየ። መስታወትን ደካማ የሚያደርገው በዓይን የማይታይ ስንጥቁ ነው፤ ጫናው ሁሉ የሚከማቸው በዚያ ስንጥቅ ጫፍ ላይ ነው። መስታወት አቅልጦ ቀጫጭን ክር እያደረገ ሲጎትተው፣ ክሩ በቀጠነ ቁጥር ለውፍረቱ የሚችለው ክብደት እየጨመረ ሄደ። በቀጭን ክር ላይ ትልቅ ስንጥቅ የሚሆን ቦታ የለምና።

የስልክ መስታወት ደግሞ ተራ መስታወት አይደለም። በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከመስታወቱ ገጽ ሶዲየም ይወጣና በቦታው ፖታሲየም ይገባል። ፖታሲየም በመጠኑ ይበልጣል። ሞልቶ የተጫነ ባጃጅ አስቡ። አንድ ቀጭን ሰው ይወርዳል፣ በእሱ ቦታ ደልደል ያለ ሰው ይገባል። ሁሉም ተጠጋግቶ ይጨናነቃል። የመስታወቱ ገጽም እንደዚያ ተጨናንቆ ይቀመጣል። ትንሽ ጭረት ቢያገኘው መጨናነቁ ራሱ ጭረቱን ገጥሞ ይይዘዋል፣ እንዲከፈት አይፈቅድለትም።

ችግሩ ይህ የተጨናነቀ ሽፋን ቀጭን መሆኑ ነው። የጸጉር ውፍረት ቢያክል ነው። ከሥሩ ያለው የመስታወቱ መሃል ደግሞ በተቃራኒው ወደ ውጪ እንደተወጠረ ነው የሚኖረው። ጭረቱ ወይም ሽርፉ ሽፋኑን አልፎ ወደተወጠረው ክፍል ከደረሰ ጠባቂ የለውም።

አሁን «ሳይወድቅ» ወደሚለው ልመጣ ነው። ሽርፉ ከተፈጠረ በኋላ መስታወቱ ወዲያው ላይሰበር ይችላል። ስንጥቁ ተወጥሮ ከቆየ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ጫፉ ላይ ይገባል። የላብም ሊሆን ይችላል። ውሃው የመስታወቱን ማያያዣ አንድ በአንድ ይበጥሳል። ስንጥቁ በዓይን በማይታይ ፍጥነት ይሄዳል። ሰዓታት፣ ቀናት፣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ልክ የሆነ ርዝመት ላይ ሲደርስ በቅጽበት ይሮጣል። እናንተ የምትሰሙት ያንን የመጨረሻውን «ጧ» ነው። ስልኩ ያን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ወይም ኪስ ውስጥ፣ ወይም እንደ እኔው መሳቢያ ውስጥ።

ስለዚህ «አልወደቀም» የሚለው ሰው እውነቱን ነው፤ የዛሬውን ነው የሚናገረው። ከሦስት ሳምንት በፊት የነካውን ደረጃ ማን ያስታውሳል?

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልለይ። የመታጠቢያ ቤት የመስታወት በር በራሱ ፈነዳ ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እሱ ሌላ ነው። ያኛው በሙቀት የጠነከረ መስታወት ነው። ሲሠራ ኒኬል ሰልፋይድ የሚባል ቅንጣት ውስጡ ቀርቶ ከዓመታት በኋላ ሊሰብረው ይችላል። የስልክ መስታወት የሚጠነክረው በጨው ነው፣ ይህ በሽታ የእሱ አይደለም። በስልክ ላይ ሁልጊዜ ገፊ አለ።

ገፊው ማነው?

መጀመሪያ የምጠረጥረው ባትሪን ነው። ሌላውን ሁሉ ከማሰባችሁ በፊት እሱን መርምሩ፣ አደጋ ያለው እሱ ላይ ነው።

ባትሪ ሲያረጅ ወይም ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል፣ ያብጣል። ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ ተሰክቶ መቶ በመቶ ሆኖ በሙቀት የሚውል ስልክ ቶሎ ያብጣል። ኮፒ ባትሪ የተገጠመለትም እንዲሁ። አይፎን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ስክሪኑ ነው። ሳምሰንግና መሰሎቹ ላይ ግን የሚገፋው ጀርባውን ነው። ሙጫው ከለቀቀ መስታወቱ ተነስቶ ይቀራል። ጠበቅ ያለ ከቨር ከያዘው ግን መውጫ ያጣል፣ ይነቃል።

አንዲት አስተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። ማታ ቻርጅ ላይ አድርጋው ተኛች፣ ጠዋት ነቅቶ አገኘችው። ቤት ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ አለ። ማን እንደሚጠረጠር ታውቃላችሁ። ልጁ አብሯት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፣ አይገባም። ከቨሩን አወጣሁት። ስልኩን በስክሪኑ በኩል ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በጣቴ ጫፉን ገፋ አደረግኩት። እንደ እንዝርት ዞረ። ጀርባው ሆድ አውጥቶ ነበር። በሆዱ ላይ ቆሞ ነው የሚዞረው። እሷም ራሷ አዞረችው። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብላ «ና ወዲህ፣ ና አባቴ» አለችው።

ይህን ፍተሻ እናንተም አድርጉት። ከቨሩን አውጡ፣ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ አራቱንም ጥግ በየተራ በቀስታ ነካ ነካ አድርጉ። የካሜራው ጉብታ ስለሚያወዛውዘው ካሜራው ከጠረጴዛው ጫፍ ውጪ እንዲሆን አድርጉ። ከተወዛወዘ ወይም ከዞረ፣ ከፍሬሙና ከመስታወቱ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ስልኩን አጥፉ። ቻርጅ አታድርጉት። መልሳችሁ አትጫኑት፣ «ጋዙን ላስወጣለት» ብላችሁ በመርፌ አትንኩት፤ ይቀጣጠላል። ባለሙያ ጋር እስክትደርሱ ከጨርቅና ከፍራሽ አርቁት። አሸዋ ያለበት ጣሳ ካላችሁ እዚያ ውስጥ ይደር።

ሁለተኛው ገፊ ከቨሩ ውስጥ የምናስቀምጠው ነገር ነው። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ነው፣ ብዙ አየሁት። የታጠፈ ብር፣ የቤት ቁልፍ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የሁለተኛው ኔትወርክ ሲም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ከቨሩን ሳወጣው ሲም ካርድ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሲም ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ጠርዙ ደረቅ ነው። ሹፌሩ ስልኩን ኋላ ኪሱ አድርጎ ቀኑን ሙሉ ይቀመጥበታል። ክብደቱ በመስታወቱ ሙሉ ቢያርፍ ምንም ባልሆነ። ሲሙ ግን ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ጥግ ላይ ጫነው። ስንጥቁም የተነሳው የሲሙ ጥግ ካረፈበት ቦታ ነው። ሲሙን መልሼ ሳስቀምጠው ልክክ አለ።

ለመኪና ማግኔት መያዣ ተብሎ ከቨር ሥር የሚገባው የብረት ሳህንም ያው ነው። ያንን አድርጋችሁ ያለ ገመድ ቻርጅ ካደረጋችሁ ደግሞ ብረቱ ይግላል። አውጡት።

አሸዋም ከቨር ውስጥ ይገባል። ደቻቱ ወንዝ ዳር የሚውል ሰው ከቨሩን አውጥቶ ነጭ ወረቀት ላይ ቢያራግፈው ያየዋል። ሰው ሁሉ ቁልፍን ይፈራል። ቁልፍ ከስልክ መስታወት ይለሰልሳል፣ በቀላሉ አይጭረውም። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ግን ከ1 እስከ 10 ባለው የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፣ የስልክ መስታወት 6 አካባቢ። ስለዚህ ከቨሩ «ጠባቂ» ሆኖ ሳለ ውስጡ አሸዋ ካለ ቀን ከሌት እያሻሸ ይሞርደዋል።

ሦስተኛው መታጠፍ ነው። ኋላ ኪስ ከትቶ መቀመጥ፣ ትራስ ሥር አድርጎ ክንድ ማሳረፍ፣ በተጨናነቀ ቦርሳ ውስጥ መክተት። ስልክ ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። መስታወቱ ጤነኛ ከሆነ ይችለዋል።

ሙቀትን በመጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ድሬ ስለሆንን ሁሉም ሰው ሙቀትን ይከሳል። «ፀሐዩ ነው የሰበረብኝ» ይላሉ። እስቲ እናስላው። ስልኩ 15 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው እንበል። ከ30 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ የአሉሚኒየም ፍሬሙ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። መስታወቱ የሚረዝመው ግን የዚያን ሲሶ ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ የጸጉር ውፍረት ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው ሙጫ ለስላሳ ስለሆነ አብዛኛውን ይችለዋል። ስለዚህ ሙቀት ብቻውን ጤነኛ መስታወት አይሰብርም ባይ ነኝ። ሽርፍ ያለበትን ግን ይጨርሰዋል። በተለይ ድንገት ሲቀዘቅዝ። ሻይ ብርጭቆ ላይ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የጋለ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነው ጉዱ።

ባጃጅ መስኮት ላይ ሲጠበስ የዋለ ስልክ «ሙቀት በዛ» ብሎ ሲጽፍ ፍሪጅ ውስጥ የሚከቱ አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። መስታወቱም ይጨነቃል፣ ውስጡም ጤዛ ይሠራል። ከቨሩን አውጥታችሁ ጥላ ውስጥ ንፋስ ይምታው፣ ይበቃዋል። አፕል ለአይፎን የሚመክረው እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንድንጠቀምበት፣ ሳንጠቀም ስናስቀምጠው ደግሞ ከ45 እንዳያልፍ ነው። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ 60ን ማለፍ አይከብደውም። እዚያ ላይ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት ባትሪው ነው። ባትሪው ሲያብጥ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ገፊ ተመለስን ማለት ነው።

ስንጥቁን ማንበብ

ስልካችሁ ነቅቶ ከሆነ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ከዚያ ክፍሉን ጨለም አድርጉና የሌላ ስልክ መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። ከላይ ስታበሩ የማይታየው ሁሉ ከጎን ሲበራ ይታያል።

ስንጥቅ እንደ ዛፍ ነው። ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ አለው። ሲሮጥ ይከፈላል፤ አንዱ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ መንታ የሆነበትን ቦታ ፈልጉና ከቅርንጫፉ ወደ ግንዱ ተመለሱ። ሌላም መንታ ካለ እንደገና ወደ ኋላ። ግንዱ የሚያልቅበት ቦታ መነሻው ነው። እዚያ ላይ ማጉያ ካላችሁ ተጠቀሙ፤ ከሌላችሁ የሌላ ስልክ ካሜራ አቅርባችሁ አሳድጉት።

መነሻው ላይ የደቀቀ ነጭ ዱቄት ካለና ስንጥቆቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ሁሉም አቅጣጫ ከሄዱ፣ ይቅርታ፣ እሱ ተመቷል። ወድቋል ወይም የሆነ ነገር ወድቆበታል። ቅርንጫፉ በበዛ ቁጥር የመታው ጉልበት ትልቅ ነበር።

አንድ ብቻውን የሚሄድ፣ እየተጠማዘዘ የሚንከራተት፣ ብዙም መንታ የማይሠራ ስንጥቅ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። ትንሽ ጉልበት ነው የሰበረው። ትንሽ ጉልበት የሚሰብረው ደግሞ ቀድሞ የተጎዳን ነው። መነሻው ጠርዝ ላይ ይሆናል። እዚያ ሽርፍ ፈልጉ፣ ውስጡ የቆሸሸ መሆኑንም እዩ። «አልወደቀም» የሚባሉት ስልኮች ላይ በብዛት የማየው ይህንን ነው።

ከግራ ወደ ቀኝ ስልኩን የሚያቋርጥ፣ ወደ መሃል አካባቢ ያለ ቀጥ ያለ ስንጥቅ መታጠፍን ያስጠረጥራል። ከካሜራው ቀዳዳ ጥግ የሚነሳም አለ። መስታወቱ ለካሜራ የተበሳበት ቦታ ጫና ይሰበስባል፤ እንደ ሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳ ነው፣ ጨርቅ ሲወጠር የሚቀደደው ከዚያ ነው። የባትሪውን ቅርጽ ተከትሎ የሚሄድ፣ መሃሉ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ማንበቡን ተዉትና ስልኩን አጥፉ።

እንዳይነቃ

ሳምንት በሳምንት፣ ለእኔ እሁድ ጠዋት ይመቸኛል፣ ከቨሩን አውጡ። በውሃና በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ይድረቅ። ስልኩን በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። መጀመሪያ አሸዋውን አራግፉ፤ ደረቁን ስታሹት እናንተው ትጭሩታላችሁ።

ከዚያ ትንሽ ጥጥ ያዙ። በስልኩ ጠርዝ ዙሪያ፣ በካሜራው ዙሪያ፣ በቀስታ አስሂዱት። ጤነኛ ጠርዝ ላይ ጥጡ ይንሸራተታል። ሽርፍ ካለ ክሩ ይያዛል፣ ነጭ ጭረት ትቶ ያልፋል። ጣት የማይሰማውን ጥጥ ያገኘዋል። ጥጥ የያዘበትን ቦታ አስታውሱ። እዚያ በኩል መያዣ እንዳያርፍ፣ ማሰሪያ እንዳይጠብቅ። ሽርፉ ከታየ ቀጭን የጀርባ ላስቲክ አስለጥፉበት፤ ሽርፉን አያድነውም፣ ግን እርጥበትና አሸዋ ይቀንስለታል፣ ቢነቃም ስባሪው አይበተንም።

ከቨር ስትገዙ ለስላሳውን ምረጡ። ጥጎቹ ወፈር ያሉ፣ ጠርዙ ከመስታወቱና ከካሜራው ከፍ ያለ ይሁን። ሲገባ ጉልበት የሚፈልግ ደረቅ ፕላስቲክ ከቨር አልወድም፤ ስታስገቡትና ስታወጡት ሁልጊዜ የሚጫነው ጥጉን ነው።

የባጃጅና የሞተር መያዣ ላይ ስልክ የምታስሩ ሰዎች፣ ጥርሱ ጎማ ያለው መሆኑን እዩ። ጎማው አልቆ ብረት ከወጣ ጥገናውን ከእኔ ጋር ተነጋገሩ ማለት ነው። ስልኩ እንዳይወድቅ የሚበቃውን ያህል ብቻ አጥብቁት።

ከነቃ በኋላ

ባትሪው ካላበጠ ስልኩ ይሠራል። ግን ውሃ መቋቋሙ አብቅቷል። እስከ ትናንት ዝናብ የቻለ ስልክ ዛሬ በላብ ሊበላሽ ይችላል። ሰፊ ግልጽ ፕላስተር በሙሉ ጀርባው ላይ ለጥፉበት፣ ካሜራውንና ፍላሹን ግን ክፍት ተዉ። ስባሪው እንደ አሸዋ ደቃቅ ነው፣ ጣት ውስጥ ይገባል፣ የሕፃን እጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። በፈጣን ሙጫ ልለጥፈው አትበሉ። ጭሱ የካሜራውን መስታወት ውስጡን ነጭ ያደርገዋል፣ ሙጫውም በኋላ መስታወቱን ሳነሳ ፍሬሙን ይዞ አይለቅም። ፎቶና ስልክ ቁጥራችሁንም ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ለመቀየር ስትመጡ ዋጋው ከስልክ ስልክ ለምን እንደሚለያይ ልንገራችሁ። ብዙዎቹ ሳምሰንጎች ላይ መስታወቱ በሙቀት ይላቀቃል፣ አዲሱ ይለጠፋል። ከአይፎን 8 እስከ 13 ያሉት ግን መስታወቱ ከፍሬሙ ጋር በጣም የተጣበቀ ነው። ወይ በሌዘር ማሽን ሙጫው ይቃጠላል፣ ወይ በእጅ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ ይፋቃል። ሰዓታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አይፎን 14 ጀርባው እንዲከፈት ሆኖ ተሠራ፤ የዚያው ዓመት 14 ፕሮ ግን እንደ ድሮው ነው። በ15 እና በ16 ግን ፕሮዎቹም ይከፈታሉ። ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ከሆነ ይህን አስቡበት። ተለዋጭ መስታወት ሲመረጥም ርካሹ ኮፒ ሁሉ በጨው የጠነከረ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ጠርዙ በደንብ ያልተሞረደ ገና ከመገጠሙ ሽርፍ ይዞ ይመጣል። እኔ ከመለጠፌ በፊት ጥጤን አስሄድበታለሁ። ጥጥ የያዘውን እመልሰዋለሁ።

ስልክ ስረከብም እንደዚያው ነው። ደንበኛው ፊቴ ቆሞ እያለ ከቨሩን አወጣለሁ፣ ጥጡን በጠርዙ ዙሪያ አስሄዳለሁ፣ ሽርፍ ካለ አብረን እናየዋለን፣ በእሱ ስልክ ካልሆነም በእኔ ፎቶ እናነሳዋለን። እናንተም የትም ጠጋኝ ጋር ስትሄዱ ይህን ጠይቁ፣ አያስቀይምም። መቆንጠጫዎቹን ግን አስወግጃለሁ። አሁን ሙጫው እስኪይዝ የምጠቀመው ሰፊ የጎማ ላስቲክና ከሥሩ የሚገባ የስፖንጅ ቁራጭ ነው። ማታ ስዘጋ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ፣ ቁልፉን ከማዞሬ በፊት አራቱን ጥግ በእጄ ዳብሼ ነው የምሄደው።